ታንኳና መረብ፦ የጣና አስጋሪ መሣሪያውን ሲያሻሽል

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ማለዳ የሚቆም ሰው ሁለት ዘመናት በአንድ ውሃ ላይ ጎን ለጎን ሲጓዙ ያያል። አንደኛው ከደንገል ታስሮ የተሠራው፣ አንድ ሰው በሸንበቆ ዘንግ እየቀዘፈ የሚነዳው ታንኳ ነው። ሁለተኛው የናይሎን መረብ ጭኖ ወደ ሐይቁ መካከል የሚገሰግሰው የሞተር ጀልባ ነው። ብዙ ተመልካች የመጀመሪያውን ያለፈው ዘመን ቅሪት፣ ሁለተኛውን የመጪው ዘመን ምልክት አድርጎ ይወስዳል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ዕቃ ሳይሆን በተጠቃሚው እጅ ሲታረም የቆየ መሣሪያ ነው፤ ከውጭ የመጣው መረብም ቢሆን ሐይቁ ላይ ከዋለ በኋላ የአስጋሪው እጅ ሳይነካው አልቀረም። የዚህ የእጅ ማሻሻያ ታሪክ ካልተመዘገበ የሐይቁ ዓሣ ታሪክም በከፊል ብቻ የተጻፈ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደንገሉና ባለሙያው

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ8 ሜትር ብዙም የማይርቅ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ዳርቻው ለደንገል የተመቸ ነው፤ በዚያው ምክንያትም ነፋስ ሲነሣ ውሃው በቶሎ ይናወጣል። የታንኳ ታሪክ የሚጀምረው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ከደንገሉና ከማዕበሉ ነው።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናውያን ታንኳን በስሙ ጠቅሰው ጽፈዋል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስም ስለ ደንገል ሲያትት፣ በጥንታዊት ግብፅ የነበረው የደንገል ጀልባ በሐበሻ ምድር ገና በሥራ ላይ እንዳለ ገልጿል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ደግሞ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ታንኳ በሰፊው ጽፏል። እነዚህ ሁሉ ጸሐፊዎች ታንኳውን አደነቁ፤ የሠሪውን እጅ ግን እምብዛም አላስተዋሉም።

ለዚህ ቸልታ ምክንያት አለው። የታንኳ ሥራና የዓሣ ማስገር ሙያ ዋና ባለቤቶች በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ጎረቤት ተገልለው ኖረዋል። የተናቀ ሰው ጥበብ እንደ ጥበብ ስለማይቆጠር፣ አባት ለልጁ በእጅ እያሳየ ያስተላለፈው ዕውቀት በብራና ላይ ሳይሰፍር ቀርቷል።

የማይሰጥም ጀልባ

ታንኳን ከሌላው ጀልባ የሚለየው አሠራሩ ነው። የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውሃ እንዳያስገባ ሆኖ ስለተሠራ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ከተከፈተበት ይሰጥማል። ታንኳ ግን ውሃ በአገዳዎቹ መካከል እየገባበትም ይንሳፈፋል፤ ምክንያቱም የሚያንሳፍፈው በየደንገሉ አገዳ ውስጥ ባለው ስፖንጅ መሰል አካል የታመቀው አየር ነው። ስለዚህ ታንኳ እንደ ዕቃ መያዣ ሳህን ሳይሆን እንደ ተንሳፋፊ እስር ሊታይ ይገባዋል። ማዕበል ቢመታው ውሃው ገብቶ ይወጣል፤ ሰውየው ይርሳል እንጂ አይሰጥምም።

ይህ ጥቅም የራሱ ዋጋ አለው። አገዳው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ካልደረቀም ይበሰብሳል። ስለዚህ አስጋሪው ከሥራ ሲመለስ ታንኳውን ወደ የብስ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ እንዲህም ተደርጎ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። የእጅ ማሻሻያው የሚታየው ይህን ድክመት ለመቋቋም በተደረገው ጥረት ነው። ጭነቱና ተቀማጩ ከውሃው ከፍ እንዲሉ በታንኳው ወለል ላይ ተጨማሪ የደንገል እስር ይነጠፋል፤ እርሱ ሲርስ ወጥቶ ይደርቃል ወይም ይለወጣል። አፍንጫው ማዕበሉን እንዲሰብር ወደ ላይ ይቀለበሳል። ለአንድ አስጋሪ የሚሆነው ጠባብና ቀላል ሆኖ ሲታሰር፣ እንጨትና እህል ወደ ገበያ የሚያመላልሰው ሰፋና ረዘም ተደርጎ ይሠራል። ንድፍ በወረቀት ላይ የለም፤ መለኪያው የሠሪው ክንድና የባለቤቱ ክብደት ነው።

ይህን የመሰለ ሐሳብ በሌላም አገር ተወልዷል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ ለመዝናኛ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፍተው፣ በሸራ ሸፍነውና መካከሉ ላይ መቀመጫ ሰፍተው፣ እግራቸው ላይ መቅዘፊያ አጥልቀው በየሐይቁ ማጥመድ ጀመሩ። ፋብሪካዎች ይህንኑ ሠርተው ከሸጡ በኋላም እያንዳንዱ ባለቤት የዘንግ ማኖሪያውን፣ ኪሱንና መልሕቁን በገዛ እጁ መጨመሩን አልተወም። የጣናው ሰው ለዕለት እንጀራው፣ የአሜሪካው ለዕረፍቱ ቢደክሙም ሁለቱም የደረሱበት ነጥብ አንድ ነው፦ ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ሰው የመሣሪያውን ጉድለት ከማንም በፊት በገዛ አካሉ ያውቀዋል፤ ያወቀውንም ራሱ ያርመዋል።

የአንዲት ገመድ ትምህርት

እንዲህ ያለው ዕውቀት ሲናቅ ምን እንደሚከተል በ1969 በግልጽ ታይቷል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት በተነሣ ጊዜ፣ አያሌ ቶን ደንገል ከጣና ሐይቅ አስጭኖ ወደ ግብፅ ወሰደ። በዚያም ከቻድ ሐይቅ የመጡ የደንገል ጀልባ ሠሪዎች «ራ» የተባለውን መርከብ አሰሩለት። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ከተቀለበሰው የመርከቡ ጅራት ጫፍ ወደ ወለሉ የምትወርድ አንዲት ገመድ ትታያለች። ይህች ገመድ ጅራቱ ቅርጹን እንዲይዝ ብቻ የምታገለግል መስላ ስለታየች አስፈላጊነቷ ሳይታወቅ ቀረ።

ራ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን አብዛኛውን ከተጓዘ በኋላ የኋላ አካሉ እየዘቀጠ ሄደ፤ በመጨረሻም ተጓዦቹ ጥለውት ወጡ። ገመዷ የኋላውን ክፍል ከማዕበሉ ጋር እንዲለጠጥና እንዲመለስ የምታደርግ የመርከቡ ጅማት እንደነበረች የተረዱት ያን ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1970፣ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የሠሩት «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ኋላም ሄየርዳል በ1977 በኢራቅ ረግረግ አገር ሌላ መርከብ ሲያሠራ፣ በኦገስት ወር የታጨደ ሸምበቆ ውሃ ሳይጠጣ ለብዙ ጊዜ እንደሚቆይ ከአገሬው ሰዎች ተማረ፤ መርከቡም ከ4 ወር በላይ ሳይሰጥም ተንሳፈፈ። ከደንገሉ ብዛት ይልቅ የአንዲት ገመድ ቦታና የአጨዳው ወር ወሳኝ ሆነው ተገኙ።

ወጥመድ፣ ድንጋይና ብርብራ

በታንኳ ላይ ሆኖ የሚሠራው የማስገሪያ መሣሪያም የዚያኑ ያህል የእጅ ሥራ ነበር። የጣና አስጋሪዎች በቤታቸው የሠሩትን ወጥመድና አጫጭር መረብ ይዘው ከዳርቻው ሳይርቁ በተለይ ቀረሶ ያሰግሩ ነበር። መረባቸው ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሜትር ገደማ ነው። ማጥለቂያው ድንጋይ፣ ማንሳፈፊያው በእጅ የተገኘ ቀላል ነገር ነው። ይህ መሣሪያ ድሃ ቢመስልም በውስጡ ልክ ነበረው። ታንኳው ሩቅ ስለማይሄድና ረጅም መረብ ስለማይሸከም የሐይቁ መካከልና ሩቅ የወንዝ አፎች ሳይነኩ ይቆዩ ነበር። ማንም ሕግ ሳያወጣ መሣሪያው ራሱ ሕግ ሆኖ ኖረ።

ይህ ማለት ግን አገር በቀል የሆነ ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝም የአገሬው ብልሃት ነው፤ ይህ ግን ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃል። ስለዚህ ጥያቄው መሣሪያው ከየት መጣ የሚለው ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ይይዛል፣ ምንስ ያስቀራል የሚለው ነው።

የ1986ቱ ለውጥ

በ1986 በውጭ ድርጅት ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ዓላማው መልካም ነበር፦ የአስጋሪውን ገቢ ማሳደግና ለከተማው ገበያ ዓሣ ማቅረብ። ውጤቱም በቶሎ ታየ። በዚህ ዘርፍ በ1987 ወደ 39 ቶን የነበረው ዓመታዊ ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን ከፍ አለ። በታንኳ የማይደረስባቸው ቦታዎች ሁሉ ተደረሰባቸው።

ከተደረሰባቸውም ቦታዎች ዋናዎቹ የወንዞቹ አፎች ነበሩ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቶ ስላኖረው፣ በሐይቁ ውስጥ «ነጭ ዓሣ» የሚባለው ወገን በሌላ ቦታ በማይገኙ በርካታ ዝርያዎች ተከፋፍሎ ይኖራል። ከእነዚህም አያሌዎቹ በክረምት ወራት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸውም በፊት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ረጅሙ መረብ የጠበቃቸው እዚያው ነው። በ1991 እና በ2001 መካከል የተደረጉ ጥናቶች የነጭ ዓሣ መጠን በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አመለከቱ። በ2003 የወጣውና በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባለው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ የመጣው ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

የጥፋቱን ዕዳ ሁሉ በሞተሩ ላይ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። ስህተቱ አዲሱ መሣሪያ ሲገባ አሮጌው መሣሪያ ምን ይጠብቅ እንደነበረ ማንም አለመጠየቁ ነው። የታንኳው ድካም እንደ ጉድለት ብቻ ተቆጠረ፤ የራ ገመድ እንደተናቀች ሁሉ ያ ድካም የሐይቁን ዓሣ የሚጠብቅ አጥር መሆኑ ሳይስተዋል ተወገደ።

ያልተቆጠረው ነገር

የማሻሻያው ሥራ በ1986 አላበቃም። ናይሎን መረብ እጁ የገባ አስጋሪ ቆርጦ ያሳጥረዋል፣ ሁለቱን ቀጥሎ ያስረዝመዋል፣ ማጥለቂያውን ይጨምራል፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያንሳፍፍበታል። በኋላም ርካሹና በውሃ ውስጥ የማይታየው ባለ አንድ ክር መረብ በሐይቁ ተስፋፋ።

ይህ ሁሉ ለሙያው ባለቤቶች ተራ ነገር አይደለም። የዓሣ ሀብት ግምት የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በአንድ መረብ በአንድ ሌሊት የተያዘውን ዓሣ በመቁጠር ነው። የመረቡ ክር ከቀጠነ፣ ዓይኑ ከጠበበ ወይም ርዝመቱ ከጨመረ «አንድ መረብ» የሚለው ስም ያው ሆኖ ይቀራል፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆኗል። ያን ጊዜ ዓሣው እየቀነሰ ሳለ ቁጥሩ ያልቀነሰ ይመስላል። መዝገቡ አልዋሸም፤ የመሣሪያውን ለውጥ ስላልጻፈ ብቻ አንባቢውን አሳሳተ። ይህ አደጋ የሚወገደው ዓሣው ሲመዘን መሣሪያውም አብሮ ሲለካና አስጋሪው ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ ሲጠየቅ ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። የዳርቻው ረግረግ እየታረሰ፣ የሐይቁ ውሃ በ1990ዎቹ አጋማሽ በጨረጨራ በተሠራው ግድብ መቆጣጠር ከተጀመረ ወዲህ ወሰኑ እየተለዋወጠ፣ ከ2011 ጀምሮም እንቦጭ እየወረረው የደንገሉ ቦታ ጠብቧል። ደንገሉ ሲጠፋ ታንኳ ሠሪው ሥራ ያጣል፤ ታንኳ ሠሪው ሥራ ሲያጣ ልጁ አይማርም። ከብሩስ እስከ ቺዝማን የመጡት እንግዶች ታንኳውን አይተው የሠሪውን ዕውቀት ሳይጽፉ አልፈዋል። የሐይቁ ዓሣ ጉዳይ በአደራ የተሰጠው የዛሬው ባለሙያ ግን እንግዳ አይደለም፤ የደንገሉን አጨዳ፣ የእስሩን ቋጠሮና የመረቡን ዓይን ከአስጋሪው አፍ ተቀብሎ መመዝገብ፣ ዓሣውን እንደ መቁጠር ሁሉ የሥራው አንድ ክፍል ነው።