ስለ ኀዘንተኛ መልእክተኛ፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ቍጥር 21 እና 22 ትርጓሜ

ከደቀ መዛሙርት አንዱ ጌታን ከመከተሉ አስቀድሞ ሄዶ አባቱን ይቀብር ዘንድ ፈቃድ ለመነ። ጌታም ሙታንን ለሙታን ትቶ እንዲከተለው አዘዘው። ይህ ትእዛዝ ለልጅ ጆሮ እጅግ የከበደ ነው። አባትና እናት ይከበሩ ዘንድ በደብረ ሲና ሕግን የሠራ እርሱ ራሱ ሲሆን የአባትን ቀብር እንዴት ይከለክላል ያሰኛልና።

ነገሩም በመጽሐፍ ተጽፎ የሚቀር ብቻ አይደለም። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ በአርባ ምንጭ አጠገብ አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ከጎጃም ወይም ከወሎ ተልኮ በዚያ ወንዝ ዳር የሚያስተምር ካህን፣ አባቱ ያረፈበት ቀን ብዙ ሕዝብ ለጥምቀት የተዘጋጀበት ቀን ሊሆን ይችላል። ዛሬ መርዶ በስልክ ይደርሳል፤ አውሮፕላንም ከአርባ ምንጭ ይነሣል። ነገር ግን የመንገዱ ማጠር ጥያቄውን አላጠፋውም። ጓዙን ጠቅልሎ ቢሄድ መንጋው ይበተናል፤ ቢቀር እናቱ ብቻዋን ታለቅሳለች። ስለዚህ የዚህ ቃል ትርጓሜ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል።

የሰውዬው አባት ገና አልሞተም ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ልጡረውና ከቀበርሁት በኋላ እመጣለሁ ማለቱ ነው። አንድም አባቱ ሞቶ ነበር፤ ነገር ግን የሚቀብሩት ሌሎች ዘመዶች ነበሩት። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጕም፣ ጌታ እንዲህ ማለቱ ከሰማያዊው ነገር የሚበልጥ አስቸኳይ ነገር እንደሌለ ለማስተማር እንጂ ወላጅን ማክበርን ለማቃለል አይደለም ብሏል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈ፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው እያሉ አባትና እናታቸውን የሚነፍጉትን ጌታ ራሱ ገሥጿቸዋል። እንግዲህ አገልግሎትን ምክንያት አድርጎ ከወላጅ ዕዳ የሚሸሽ ሰው በዚህ ቃል ሊጠጋ አይችልም።

ኦሪትም ሁለቱን ወገን ታሳያለች። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 21 ካህን ስለ አባቱና ስለ እናቱ ያዝን ዘንድ ተፈቅዶለታል፤ ሊቀ ካህናቱ ግን ስለ አባቱ ስንኳ ከመቅደሱ እንዳይወጣ ታዝዟል። ሹመት ከፍ ባለ መጠን ሸክሙ እንዲከብድ ከዚህ ይታወቃል። ዮሴፍ ግን የግብጽ ገዢ ሳለ ያዕቆብ በሞተ ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ፤ በአጣድ አውድማ 7 ቀን አለቀሰ፤ ቀብሮም ወደ ሥራው ተመለሰ። ከተመለሰም በኋላ የፈሩትን ወንድሞቹን አጽናና፤ ልጆቻቸውንም ሊመግብ ቃል ገባ። ሹማምንት ይህን ልብ ይበሉ፤ ልቅሶው ሥራውን አላስረሳውም፤ ሥራውም ልቅሶውን አልከለከለውም።

ጌታም ራሱ የዮሐንስ መጥምቅን ሞት በሰማ ጊዜ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ አለ። ሕዝቡ ግን በእግር ተከተሉት። አይቶም አዘነላቸው፤ ድውያንን ፈወሰ፤ በ5 እንጀራና በ2 ዓሣም አጠገባቸው። በመስቀል ላይም ሳለ እናቱን ለወዳጁ ለዮሐንስ አደራ ሰጠ። ሌላውን ተከተለኝ ብሎ ያዘዘ ጌታ የገዛ እናቱን ያለ ጧሪ አልተዋትም።

ይህ ትርጓሜ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጀመሪያ ላይ በሥራ ተገልጧል። በ4ኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ዘመዶቹ የሆኑትን ሁለት ልጆች፣ ፍሬምናጦስንና ኤድስዮስን፣ እያስተማረ በመርከብ ይዟቸው ተጓዘ። ሲመለሱ መርከቧ ውሃና ስንቅ ለመያዝ ወደ ወደብ ብትጠጋ፣ የባሕሩ ዳር ሰዎች ሜሮጵዮስንና ከእርሱ ጋራ የነበሩትን ሁሉ ገደሏቸው። ልጆቹ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያጠኑ ተገኙ፤ ታዝኖላቸውም ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ንጉሡም ኤድስዮስን ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን በጅሮንድና ጸሐፊ አደረጋቸው።

ኋላም ንጉሡ ሕፃን ልጅ ትቶ ሞተ። ከመሞቱ አስቀድሞ ሁለቱን ነጻ አውጥቷቸው ነበርና መሄድ ይችሉ ነበር። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቀሩ። ይህ ሕፃን ኢዛና እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ አብርሃና አጽብሓ እያለ ሁለቱን ወንድማማች ነገሥታት ያነሣል። አሳዳጊያቸው የተገደለባቸው ልጆች አባቱ የሞተበትን ልጅ አሳደጉ። ፍሬምናጦስም በዚያ ዘመን ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ የጸሎት ቦታ እንዲያበጁ ረዳቸው። የአክሱም ክርስትና የበቀለው ኀዘንተኞች በተሰበሰቡበት ቤት ነው።

ንጉሡ ባደገ ጊዜ ሁለቱ አደራቸውን አስረክበው ተነሡ። በዚህ ጊዜ መንገዳቸው ተለየ። ኤድስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጠነ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክላት ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል አላገኘምና ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው። እርሱም ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የተባለው፣ ሐምሌ 26 ቀን የሚታሰበው ነው።

እንግዲህ ኤድስዮስ በደለን? አልበደለም። በጢሮስ ቅስና ተቀበለ፤ ሩፊኖስ የተባለው ጸሐፊም ይህን ታሪክ ከእርሱ አፍ ሰምቶ ጻፈው። ወደ ወላጆቹ የተመለሰው ባይኖር ኖሮ ወደ አክሱም የተመለሰው ሥራ በዚህ አኳኋን ባልተጻፈ ነበር። ስለዚህ ተከተለኝ የሚለው ቃል ለሁሉ አንድ ጎዳና አይደለም። አንዱ ይሄዳል፤ ሌላው ይቀብራል፤ ጌታ ግን በሁለቱም ይመለካል።

በኩልፎ አገርም ይህን የሚመስል ሥራ ታይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተነሣው ሁከት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች ለበቀል ተቆጥተው ወጡ። የጋሞ ሽማግሎች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ንጹሕ ሰው እንዳይነካም ለመኗቸው፤ ቁጣውም በረደ። የሞቱት የራሳቸው ወገኖች ሳሉ፣ ሽማግሎቹ በሕይወት ላለው ጎረቤት ቆሙ። ያደረጉት በአባቶቻቸው ሥርዓት ነው፤ ሥራው ግን የሚያስተራርቁ ሰዎች ስለሚያገኙት ብፅዕና ወንጌል ያስተማረው ነው።

ስለዚህ ወላጁ ሞቶበት ተልእኮ የሚመራ ካህን ኀዘኑን አይሰውር። ለጓደኞቹ ይንገር፤ መድረስ የሚቻለው ከሆነ መንጋውን ለታመነ ሰው አደራ ሰጥቶ እንደ ዮሴፍ ሄዶ ይቅበርና ይመለስ። መሄድ የማይቻለው ከሆነ እናቱን በወንድም ወይም በጎረቤት እጅ አደራ ይስጥ። አብረውት ያሉትም ሥራውን ይካፈሉት፤ ኀዘንተኛን ብቻውን ቆመህ ምራ ማለት ጭካኔ ነውና። ቤተ ክርስቲያንም በሣልስት፣ በሰባት፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ሙታንን ታስባለች፤ በቅዳሴም ሁሉ ስለ እነርሱ ትጸልያለች። ካህኑ በኩልፎ ዳር ቆሞ ሲቀድስ የአባቱን ስም ያነሣል። ከመቃብሩ በብዙ ቀን መንገድ ቢርቅም፣ በዚያች ሰዓት ግን የልጅነቱን ዕዳ ይከፍላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።