ከምድረ በዳ ቅጠል የተገመደ ገመድ

የምሕንድስና ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሳው ድንጋይና ብረት ነው። ገመድ ግን ከብረት በብዙ ሺህ ዓመታት የሚቀድም ሲሆን፣ አሠራሩም እንደ ማንኛውም መዋቅር በኃይሎች ሚዛን ላይ የቆመ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ምድረ በዳ ነው።

በዛሬዎቹ አሪዞናና ዩታ ይኖሩ የነበሩ ጥንታውያን ሕዝቦች ለገመድ ከሚጠቀሙባቸው የዱር ተክሎች ዋናው ዩካ ነበር። ዩካ ሰይፍ መሰል ቅጠል ያለውና በኢትዮጵያ ለሚታወቀው የቃጫ ተክል ዘመድ የሆነ ዕፅ ነው። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ይቀጠቀጣል፤ ለስላሳው ክፍል ተፍቆ ሲወገድ ረጃጅሙ ቃጫ ብቻ ይቀራል።

የጥበቡ ዋና ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሠሪው ሁለት የቃጫ ክሮችን በጭኑ ላይ እያንከባለለ እያንዳንዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ያከራል፤ ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገምዳል። እያንዳንዱ ክር ክረቱን ለመፍታት ሲታገል የጋራውን ግምድ ያጠብቀዋል። ገመዱ ሲሳብም ቃጫዎቹ እርስ በርስ ይጫናሉ፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሰበቃ አጫጭሩን ቃጫ እንደ አንድ ረጅም አካል ያሠራዋል። አዲስ ቃጫ የሚቀጠለው በሁለቱ ክሮች ላይ በተለያየ ቦታ ነው፤ ሁለት መቀጠያ በአንድ ስፍራ ከዋለ ገመዱ ከዚያው ይበጠሳልና።

እ.ኤ.አ. በ1916 እና በ1917 አልፍሬድ ኪደርና ሳሙኤል ገርንሲ በሰሜን ምሥራቅ አሪዞና ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ነጭ ውሻ በተባለው ደረቅ ዋሻ ውስጥ ከ1500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጥንቸል ማደኛ መረብ ተገኘ። ርዝመቱ 73 ሜትር፣ ክብደቱ 13 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ የተሠራበት ክር ቢዘረጋ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ክሩ የተፈተለው አፖሲነም ከተባለ የዱር ተክል ልጥ ነው። ይህን ያህል ክር በእጅ መፍተልና ዐይን በዐይን መቋጠር የጥቂት ቀናት ሥራ አይደለም። ነገር ግን ጥንቸል ለነዚያ ሰዎች ምግብ ብቻ ሳይሆን፣ ቆዳው በዩካ ገመድ ላይ እየተጠመጠመ የብርድ ልብስም ይሆን ነበር። ስለዚህ የመረቡ መበጠስ ረኀብንም ብርድንም ይጠራ ነበር።

ዛሬ ጭንን መኪና፣ ቅጠልንም ብረት ተክቶታል። በተለመደው የብረት ገመድ አሠራር ግን ሽቦዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይከርራሉ፤ ግምዶቹ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይጠመጠማሉ። ክሬን የሚያነሣው ሸክም የሚንጠለጠለው፣ በምድረ በዳ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች በእጃቸው በሠሩበት በዚያው ሕግ ላይ ነው።