የብረታ ብረት ሁከትና የፕሮቶን እሽክርክሪት

ከሐይቅ በተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውኃ የምድርን መግነጢስ መለካት ይቻላል። በውኃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን እምብርት፣ ማለት ፕሮቶን፣ እንደ ጥቃቅን መግነጢስ ነው፤ ከአቅጣጫው ቢያዘነብሉት እንደ እንዝርት እየተወዛወዘ ይዞራል። በኢትዮጵያ ደጋ የመግነጢሱ ኃይል ወደ 36,000 ናኖቴስላ ስለ ሆነ፣ ዙሩ በሰኮንድ 1,500 ያህል ነው። ዙሩን የቈጠረ ኃይሉን ያውቃል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ ብረታ ብረት ሲቀርበው ይህ ዙር ምን ይደርስበታል የሚል ነው።

የነገሩ ታሪክ በ1928 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ጆንሰን በብረታ ብረት ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከሙቀት የተነሣ ዕረፍት አጥተው ሁከት እንደሚፈጥሩ በመሣሪያ አሳየ፤ ናይኲስት መጠኑን በሒሳብ አስረዳ። ኤሌክትሪክ ሲንቀሳቀስ መግነጢስን ስለሚወልድ፣ ሁከቱ ከገጹ አልፎ በአጠገቡ ያለውን ይነካል።

በ1946 ፐርሴል ሁከቱን ከእምብርቱ ጋር አገናኘው። በሰኮንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ እምብርት ብቻውን ቢተው፣ በጨረር አማካይነት እስኪረጋጋ 5×10²¹ ሰኮንድ ይፈጅበታል፤ ይህም ከፍጥረተ ዓለም ዕድሜ ከ10,000 ጊዜ ይበልጣል። ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ የሆነ የብረታ ብረት ብናኝ ቢቀላቀልበት ግን ጊዜው ወደ ደቂቃዎች እንደሚወርድ አሰላ። በ2015 ደግሞ ተመራማሪዎች በአልማዝ ውስጥ ያለ አንድ የኤሌክትሮን እሽክርክሪት ወደ ብር ገጽ አቅርበው፣ ሁከቱ በቅርበት መጠን እንደሚበረታ ለኩ።

በአገራችን የመግነጢስ ልኬት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በአባ ፒየር ጉዌን መሪነት፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። መሣሪያውን ወደ ሐይቅና አምባሰል ለሚወስድ ተማሪ ከላይ የተነገረው ታሪክ ጥቅም አለው፤ ይኸውም ሁለት ጉዳቶችን ለመለየት ነው። የሙቀት ሁከት በርቀት ፈጥኖ ስለሚደክም፣ ጥቂት ስንዝር የራቀ የመዳብ ድስት ፕሮቶኑን አያውከውም፤ ሁከቱ የሚያስቸግረው በጠርሙሱ ዙሪያ በተጠመጠመው ሽቦ ውስጥ ሆኖ የፕሮቶኑን ደካማ ድምፅ ሲሸፍን ነው። የቤት ቆርቆሮና ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ግን ሌላ ጠላት ናቸው። በራሳቸው መግነጢስ ስላላቸው፣ በጠርሙሱ አንድ ጫፍ ያለው ፕሮቶን ከሌላው ጫፍ ፈጥኖ ይዞራል፤ ድምፃቸው ይደባለቃል፣ ቶሎም ይጠፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ጥሩ ሽቦ፣ የሁለተኛው ግን ቦታ መምረጥ ነው። ሁለቱን ያልለየ፣ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ሽቦ ሲቀያይር ይውላል።