እንግሊዝኛ ቆጠራ የለውም እንዴ?

 ትንሽ ረዘም ትላለችና ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቧት።

ካቻምና 9ኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ ነበረኝ። አብነት ትምህርት ቤት ከርሞ፣ ዕድሜው ከጓደኞቹ ከፍ ብሎ ወደ ዘመናዊው የመጣ ነው። የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቴስት ከ20 አራት አመጣ። ወረቀቱን ስሰጠው አልተከፋም። ሌሎቹ ሲወጡ ቆየና «የኔታ... ይቅርታ፣ መምህር፣ እንግሊዝኛ ቆጠራ የለውም እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አብሮኝ ገባ።

ቅኔ ቤት ላላያችሁ ላስረዳ። ግእዝ የቅኔ ተማሪ ከእናቱ ቤት ይዞት የሚመጣው ቋንቋ አይደለም። ግሱን ያጠናል፣ እርባታውን ይለምዳል፣ አገባቡን ይማራል። ግን ይህን ሁሉ እስክትጨርስ ዝም በል አይባልም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ጥግ ይዞ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን ቅኔ ያበጃል። ከዚያ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም እዚያው ያርሙታል። የተበላሸውን ይዞ ይመለሳል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ በሦስት ቤቶቹ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ በዋዜማው፣ በሥላሴው አልፎ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ትምህርቱና ፈተናው አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። «ከሚከተሉት ትክክለኛውን ምረጥ» የሚባል ነገር የለም። ካልፈጠርክ አላወቅህም፣ አለቀ።

ይሄ ደግሞ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም እዚሁ ጋይንት ናት። በቅኔ ስሙ የሚነሳው ዋድላም ከጋይንት ብዙ አይርቅም። ቋንቋ አስተምሮ መመዘን ለዚህ አገር እንግዳ ሥራ አልነበረም ለማለት ነው።

እንግሊዝኛ ግን በሌላ በር ነው የገባው። በ1908 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ፈረንሳይኛም፣ እንግሊዝኛም፣ ጣሊያንኛም፣ ዓረብኛም ነበር፤ ጉልበት የነበረው ግን ፈረንሳይኛ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ እንግሊዞች አብረው ገቡ፣ ቋንቋቸውም ተከተለ። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1946 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የዚያ ዘመን ተማሪ የሚዘጋጀው ለለንደን ማትሪክ ነበር። እናቶቻችን ዛሬም የ12ኛ ክፍሉን ፈተና «ማትሪክ» የሚሉት ያ ቃል ስላልጠፋ ነው። በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም የመሩት ሉሲየን ማት የሚባሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ኢየሱሳዊ ናቸው። ያስተማሩት ግን በእንግሊዝኛ! ይቺ ሁሌ ታስቀኛለች።

ያኔ ተማሪው ጥቂት ነው። መምህሩ ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሰው ስለነበር ልጁ ወደደም ጠላም እንግሊዝኛ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ይጽፋል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደግሞ ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች በአንድ ጊዜ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። በዚያው ሰሞን አማርኛ የአንደኛ ደረጃው መማሪያ ሆነ። እንግሊዝኛው ወደ ላይኛው ክፍል ተገፋ ማለት ነው። ከዚያ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ ተማሪው በዛ። ፈተናውም ማሽን የሚያርመው፣ ክብ በእርሳስ የሚያጠቁሩበት ሆነ። አልፈርድም፤ ለመቶ ሺዎች ድርሰት ማን ያርማል? ብቻ አንድ ነገር አብሮ ሄደ፦ ልጁ አንድም ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሳይወጣ ማለፍ እንደሚችል አወቀ። እኛ መምህራንም አወቅን። ፈተና ላይ የማይመጣውን ደግሞ ማን ያስተምራል?

በደርግ ጊዜ በ1986 እ.ኤ.አ. ስቶዳርት የሚባል እንግሊዛዊ በትምህርት ቤቶቻችን ያለውን እንግሊዝኛ አጥንቶ ነበር። ያለው ባጭሩ ቋንቋው መማሪያ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል ሆኗል ነው። ይሄ ከተባለ 40 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃው በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ አለ። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥም አደረገ። ወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው። የገጠር ልጅ ግን ሁሉን ነገር በአማርኛ ሲያስብ ኖሮ 9ኛ ሲገባ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በአንድ መስከረም እንግሊዝኛ ይሆኑበታል።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ነው ፕላዝማ የተጀመረው፣ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ። ሰውየው ይናገራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰዓት ቆጥሮ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። እኛ ገና ጥያቄው ምን እንደሆነ አልገባንም። መብራት ሲጠፋ በደስታ እናጨበጭብ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለን። እኔ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰው ፊት ቆሜ የተናገርኩት ኮሌጅ ገብቼ፣ ለዲፕሎማ ስማር ነው።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጠ፣ ውጤቱ ጥር 2015 ተነገረ። ከተፈተኑት 896,520 ልጆች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፣ 3.3 ከመቶ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ነበር። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ኩረጃው ሲቆም እውነተኛው መልካችን ታየ የሚለው ሐሳብ ልክ ነው፣ አልከራከርም። የመጽሐፍ እጥረቱም፣ የመምህሩ ኑሮም፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ የተዘጋው ትምህርት ቤትም አለ። ግን ያ ወረቀት የለካው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የሒሳብ ጥያቄ «አት ሊስት 5» ይላል። «ቢያንስ 5» ማለት ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ ግን «ሊስት» ዝርዝር መስሎት አምስት ቁጥሮች ዘርዝሮ ቁጭ ብሏል። በአማርኛ ስጠይቀው ሳይጽፍ መለሰው። ታዲያ የተሳሳተው ሒሳብ ነው ወይስ እንግሊዝኛ? ማርኩ ግን የተቀነሰው ከሒሳብ ነው። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ካትሊን ሂውና ካሮል ቤንሰን ከኢትዮጵያውያኑ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ጋር ለትምህርት ሚኒስቴር ባጠኑት ጥናት፣ ስምንቱንም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በ8ኛ ክፍል ምዘና የተሻለ አምጥተዋል። ይህን ሳነብ ያ ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

አሜሪካን አገር እንኳ፣ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የቻይና ልጆች የማያውቁት ቋንቋ ክፍል ውስጥ መቀመጥ መማር አይደለም ብለው ከሰው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 እ.ኤ.አ. ፈርዶላቸዋል። እዚያ ዛሬ እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያለ ልጅ የሳይንስ ፈተና ሲፈተን ተጨማሪ ሰዓት ወይም የቃላት መፍቻ ሊፈቀድለት ይችላል። በዚህ ዓይን ካየነው የእኔ ክፍል ከፊት ወንበር እስከ መጨረሻው እንግሊዝኛ ገና በመማር ላይ ያለ ልጅ ነው። ሰዓቱ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ይቅር አላልኩም፣ እንዳትተረጉሙብኝ። የሲማዳ ልጅ እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል፣ አጥብቆ ያስፈልገዋል። እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንለካ፣ ባዮሎጂውን ደግሞ ባዮሎጂ እንለካበት ነው የምለው።

ያ ልጅ ከጠየቀኝ በኋላ ዓርብ ዓርብ «ቆጠራ» ጀመርን። እያንዳንዱ ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ አስቦ አንድ የራሱን ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይቻልም። ቆሞ ይነግረናል፣ እዚያው እናርማለን፣ ሰኞ አስተካክሎ ይመልሳል። ክፍሉ 68 ተማሪ ነው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለማይዳረስ ግማሹን በአንዱ ሳምንት፣ ግማሹን በሌላው አደረግነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ማይ ኔም ኢዝ» ነበር። በሦስተኛው ወር አካባቢ የአብነቱ ልጅ ተነሣና «ዘ በሽሎ ኢዝ ፉል፣ ዘ ቦይ ዌይት፣ ዘ ስኩል ኖት ዌይት» አለ። በሽሎ ሞልቷል፣ ልጁ ይጠብቃል፣ ትምህርት ቤቱ ግን አይጠብቀውም ማለቱ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰዋስዉን አረምነው፣ ሰኞ አስተካክሎ መጣ።

በምርጫ ፈተናው ግን ሴሚስተሩ መጨረሻም ከግማሽ በታች ነው ያመጣው። ሮስተሩን ስሞላ ያቺን ዓረፍተ ነገር የማሰፍርበት ቦታ ፈለግሁ፣ የለም። አሳይመንት ከሚለው ሥር ከ10 ዘጠኝ ብዬ አስገባኋት። አንዷን የቀነስኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።