ናፍቆት ያማል፦ ከስደት ለተመለሱ ልጆቻችን



«ልጄ ከዓረብ አገር ከመጣች ወዲህ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ምን ነክቷት ይሆን?» ከብቸናም ከሞጣም የሚመጡ እናቶች ይህን ይጠይቁኛል። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» ወይም «ሥራ ጠልታ ነው» ይላል። የሕክምና ታሪክ ግን ሌላ መልስ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ስለ አገር ናፍቆት የሕክምና መመረቂያ ጽሑፍ አቀረበ። ሆስፒታል ተኝታ ምግብም መድኃኒትም እምቢ ያለች፣ ቤቴን ቤቴን ከማለት በቀር ቃል የማይወጣት የገጠር ልጅ ቤቷ ስትመለስ እንደዳነች ጻፈ። ሕመሙንም «ኖስታልጂያ» አለው።

እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ኦደጎርድ የተባለ የኖርዌይ ሐኪም፣ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ የተሰደዱ ኖርዌያውያን አገራቸው ከቀሩት ይልቅ በስኪዞፍሬኒያ ሆስፒታል እንደሚገቡ አሳየ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ብቸኝነትና መገለል የስደተኛን አእምሮ እንደሚጎዱ አረጋግጠዋል።

የእኛ ልጆች ግን ቤታቸው ገብተውም ለምን ይታመማሉ? ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ብዙዎቹ ታስረው ከርመው፣ ባዶ እጃቸውን ገቡ። በ«ከፋላ» ሥርዓት ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መቀየር አትችልም ነበር፤ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነበር። አገር ቤት ደግሞ የደላላ ዕዳና «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ጥያቄ ጠበቃቸው። ስለዚህ ሲሄዱም ሲመለሱም እንግዳ ሆኑ።

ወላጆች፣ ስለ ገንዘቡ ከመጠየቃችሁ በፊት «እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ?» በሏት። መናገር ካልፈለገች አታስገድዷት፤ አጠገቧ ሁኑ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ድብርቱ ወይም መባነኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ተቋም አምጧት። «ሞቴን በወደድኩ» ካለች፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች አንድ ቀንም አትጠብቁ፤ ብቻዋንም አትተዉአት። ጸበል የምትወስዷትም ብትሆን ሕክምናውን አታቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ድሮ ለአእምሮ ሕክምና አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ግን በቅርባችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ልጃችሁ አልሰነፈችም፤ ታማለች። የታመመ ደግሞ ይታከማል፣ ይድናልም።

ጤናችሁ ይብዛ።