ጨዋታው ተሸጠ፤ ካዎ ጦና የት ገቡ?

ቦዲቲ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሻይ ቤትም ጌም ቤትም የሆነች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ከፊት ፕሌይስቴሽን የሚጫወቱት ጎል በገባ ቁጥር ይጮሃሉ። ከኋላ ጥጉ ላይ እኛ አራት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ከብበን፣ ድምፃችንን አጥፍተን ዓለምን እንገዛለን። ላፕቶፑ የአንዳችን ታላቅ ወንድም ነው። ጨዋታው ከግቢ በፍላሽ የመጣ ነው (ሕጋዊ ነው ወይ ብላችሁ አታስጨንቁን)። ስሙ ሲቪላይዜሽን ይባላል፤ እኛ «ሲቭ» ነበር የምንለው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4000 ዓመት አንዲት ከተማ ትቆረቁራላችሁ። ከዚያ እርሻ፣ ጽሕፈት፣ ጦር፣ ንግድ እያላችሁ ተራ በተራ እስከ ጠፈር ዘመን ትደርሳላችሁ። «አንድ ተራ ብቻ ልጫወትና እተኛለሁ» ያለ ሰው ሁሉ ሌሊቱ ይነጋበታል። እኛን የሚያስተኛን መብራት ኃይል ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ኢትዮጵያን መረጠ። መሪው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በጨዋታው ሕግ የምኒልክ ጦር ኮረብታ ላይ ሲዋጋ ይበረታል፣ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማም ይጠቀማል። ልጁ ከተማውን ተራራ ሥር ሲያሳርፍ ሌላኛው «ዳሞታ ላይ ሰፈርክ እንዴ?» አለው። ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። የወላይታ ልጆች ነና! ስለ ጦና ዘመን በልጅነቱ ያልሰማ ከመካከላችን አልነበረም። «ቆይ፣ በዚህ ጨዋታ እኛ የትኛው ወገን ነን?» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ቀጥሎም «ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ማን ነው?» የሚል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት የጨዋታውን ባለቤቶች ታሪክ መቆፈር ነበረብን። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲቪላይዜሽንን ሲድ ሜየርና ብሩስ ሼሊ ሠርተው ማይክሮፕሮዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1991 አወጣው። 14 ሕዝቦች ነበሩበት፤ ከአፍሪካ ግብፅና ዙሉ ብቻ። ማይክሮፕሮዝን በ1993 ስፔክትረም ሆሎባይት ጠቀለለው። ሜየር በ1996 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ወጥቶ ፊራክሲስን መሠረተ። ስሙ በካርቶኑ ላይ በትልቁ ታትሞ የሚሸጠው ሰውዬ የጨዋታው ባለቤት አልነበረም ማለት ነው። በ1997 ደግሞ «ሲቪላይዜሽን» የሚለው ስም የማን ነው በሚል አቫሎን ሂልና አክቲቪዥን ማይክሮፕሮዝን ከሰሱት። በ1998 ክረምት ታረቁ። በዚያው ክረምት ሃስብሮ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ከሳሹን አቫሎን ሂልንም ተከሳሹን ማይክሮፕሮዝንም ገዝቶ ጉዳዩን በአንድ ኪስ ከተተው። በ2001 የፈረንሳዩ ኢንፎግራምስ የሃስብሮን የኮምፒውተር ጨዋታ ክፍል እንዳለ ወሰደ። ይህ ሁሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ነው።

ከዚያ ያ ዝነኛ ኅዳር መጣ። በ2004 ዕዳ የተጫነው ኢንፎግራምስ ሲቪላይዜሽንን በ22.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጥኩት ብሎ አስታወቀ። ለማን? አልተናገረም!

አንባቢ ሆይ፣ የጨዋታውን አፍቃሪዎች በዚያ ሰሞን አስቧቸው። የሚወዱት ነገር ተሽጧል፣ ዋጋው ታውቋል፣ ገዢው አልታወቀም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ቢወጣ ከጀበና ቡና እስከ ሚኒባስ ወንበር ስንት ገዢ እንደምንሾም ታውቃላችሁ፤ እነሱም እንደዚያው በግምት ከረሙ። ፍርሃታቸው ደግሞ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ኮማንድ ኤንድ ኮንከርን የሠራው ዌስትውድ በ1998 በኤሌክትሮኒክ አርትስ ተገዝቶ በ2003 ተዘግቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ገዛው?» ብቻ አልነበረም። «ገዢው ጨዋታውን ያውቀዋል? ፊራክሲስን ያቆየዋል ወይስ ይበትነዋል?» የሚል ነበር።

መልሱ በጥር 2005 መጣ፤ ቴክ-ቱ። ያኔ በዋናነት የሚታወቀው የመኪና ሌቦችና የወሮበሎች ጨዋታ በሆነው ግራንድ ቴፍት አውቶ ነበር። ለነገሥታትና ለፈላስፎች ጨዋታ የተመኙት አማች አይመስልም። ነገር ግን የፈሩት አልደረሰም። በዚያው ዓመት ሲቪላይዜሽን 4 በፊራክሲስ እጅ ተሠርቶ ወጣ፣ ፊራክሲስም የቴክ-ቱ ሆነ። የጨዋታው መክፈቻ መዝሙር «ባባ የቱ» በስዋሂሊ የተዘመረ ሲሆን በ2011 ግራሚ አገኘ። ከኮምፒውተር ጨዋታ የወጣ ሙዚቃ ያንን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው።

ለእኛ ትልቁ ዜና ግን ሌላ ነው። በ2007 በወጣው ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት ገባች። በ2012 በሲቪላይዜሽን 5 ተጨማሪ ክፍል ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጡ። በሐምሌ 2020 ደግሞ በሲቪላይዜሽን 6 ምኒልክ። ሦስት መሪ፣ ሦስቱም ዐፄ። በ2025 የወጣው ሲቪላይዜሽን 7 አክሱምን ይዞ መጣ።

ኩባንያውን አንወቅስም። ከሩቅ ለሚያይ ኢትዮጵያ ማለት ዐፄዎቿ ናቸው፤ የእኛም የትምህርት ቤት መጽሐፍ ለብዙ ዘመን ያስተማረው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ከቦዲቲ ሲታይ ታሪኩ ሁለት ፊት አለው። በ1894 መጨረሻ ምኒልክ ራሳቸው ጦሩን መርተው በወላይታ ላይ ዘመቱ። ንጉሡ ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ተዋጉ። የታሪክ ጸሐፊዎች በዘመኑ ከነበሩት የማስፋፋት ዘመቻዎች እጅግ ደም ከፈሰሰባቸው መካከል ይቆጥሩታል። ጦና ቆስለው ተማረኩ፣ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1896፣ እኒያው ንጉሠ ነገሥት ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ድል አደረጉ። በዓድዋ እንኮራለን፤ ለጦናም እናዝናለን። ሁለቱም የእኛ ናቸው፤ አንዱን ለማቀፍ ሌላውን መጣል አለባችሁ የሚለን ሰው ቦዲቲ ላይ አላደገም።

እንግዲህ የ2004ቱን ግምት ስናስታውስ የሚከነክነን ይህ ነው። ወረቀቱ የማንም ይሁን፣ ተጫዋቾቹ ጨዋታው የእኛ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው ያን ያህል የተጨነቁት። እኛም ለታሪካችን እንዲያ መጨነቅ ይገባናል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው እስኪያስገባን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፣ ከዚያ ያስገባን መንገድ አልጣመንም ብለን እናኮርፋለን።

ደግነቱ ጨዋታው በር ክፍት ትቷል። ትንሽ ኮድ የሚያውቅ ሰው በተራ የጽሑፍ ፋይል አዲስ ሕዝብ፣ አዲስ መሪ፣ የከተሞች ስም ዝርዝር ሊጨምር ይችላል፤ «ሞድ» ይሉታል። የፈቃድ ውሉን ያነበበች አንዷ ጓደኛችን ተጫዋቾች በሚሠሩት ላይ እንኳ ለኩባንያው ሰፊ መብት ይሰጣል ብላ አስጠንቅቃናለች። ይሁን። ስሙን የምንጽፈው እኛ ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ ከጊፋታ በዓል በኋላ ያው አራታችን ተሰብስበን ጀመርነው። መሪ፦ ካዎ ጦና። የከተሞች ዝርዝር፦ ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ጉኑኖ፣ ገሱባ፣ ጠበላ፣ በለ። እስካሁን ከዚህ አላለፍንም። በጨዋታው ከዝርዝሩ መጀመሪያ ያለው ከተማ ዋና ከተማ ይሆናል፤ ሶዶ ናት ወይስ ቦዲቲ በሚለው ላይ ሦስት ሳምንት ተጨቃጭቀናል።

እናንተ ምን ትላላችሁ? (የሶዶ ልጆች ድምፅ አይቆጠርም።)