የዒላማ ወሰን ልዩነት (በጨረር ሕክምና)

ሁለት ሐኪሞች በአንድ ሲቲ ስካን ምስል ላይ የአንድን ዕጢ ወሰን ሲያሰምሩ የሚታይ አለመግጠም። ከመቱ ተነሥታ ለማሕፀን በር ካንሰር ጨረር ፍለጋ ጅማ ወይም አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የምትደርስ እናት ሕይወቷ በዚህች መስመር ላይ ነው፦ ጠብባ ከተሰመረች ካንሰሩ ይተርፋል፤ ከሰፋች ፊኛና አንጀት ይጎዳሉ። የሁለቱን ወሰኖች መግጠም ለመለካት የሚያገለግለው፣ ሊ ዳይስ በ1945 እ.ኤ.አ. ለሥነ ምህዳር ጥናት ያወጣው መለኪያ የጋራውን ይዘት እጥፍ ለሁለቱ ይዘት ድምር ያካፍላል። 60 እና 50 ሴ.ሜ. ኩብ የሆኑ ሁለት ወሰኖች 44 ቢጋሩ ውጤቱ 0.8 ነው፤ ፍጹም መግጠም 1። ቁጥሩ ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ዕጢው ትልቅ ከሆነ ውጤቱ እያማረ መስመሩ በአንድ ጥግ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊስት ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው የከፋውን ክፍተት የሚለካው የሃውስዶርፍ ርቀት ነው።